ሐምሌ 6 እና አምስት ዶላር፦ በእኛ ስም ስለተዘፈነው ኮንሰርት የተከፈተ ክር፣ ከ37 መልሶች ጋር

የመክፈቻው ጥያቄ

ዛሬ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ነው። ልክ የዛሬ 40 ዓመት፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985 መሆኑ ነው፣ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም 72 ሺህ ያህል፣ ፊላደልፊያ ደግሞ 90 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ለእኛ ሲዘፈን ዋለ። ላይቭ ኤይድ፣ ለ77ቱ ረሃባችን ገንዘብ ማሰባሰቢያ የተዘጋጀው ኮንሰርት። ሁለቱ ከተሞች በሳተላይት እየተቀባበሉ 16 ሰዓት ገደማ አሳዩት።

እኔ ያን ጊዜ ዋሺንግተን መሀል ከተማ፣ አንድ ሆቴል ሥር ፓርኪንግ እሠራ ነበር። የቅዳሜ ማታ ሽፍት። ቲኬት የምንቆርጥባት ክፍል ውስጥ አንቴናዋ በአሉሚኒየም ወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረችን፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ኤቢሲ ኮንሰርቱን ያሳይ ስለነበር ቁልፍ እየተቀበልኩ በአንድ ዓይኔ አያለሁ። መኪናውን ሊወስድ የመጣ አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ቴሌቪዥኗን አየ፣ እኔን አየ፣ ከየት ነህ አለኝ። ነገርኩት። ያን ጊዜ አንድ ዶላር ጉርሻ ከሰጡህ ደግ ቀን ነው። ሰውዬው አምስት ዶላር አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረና እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ለሕዝብህ ነው አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አመሰገንኩት። ከሄደ በኋላ ብሯን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ኪሴ ብከታት ሌባ፣ ባልቀበለው ኖሮ ባለጌ ልሆን ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ እናመስግን ወይስ እንቀየም? የራሴን ልናገር። ስለ ስንዴው አመሰግናለሁ። የሚቆጨኝ ያን ሁሉ ሰዓት ሲዘፈን ከሁለቱም መድረክ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ ድምፅ አለመሰማቱ ነው። አስቴር አወቀ በዚያው ዘመን እዚሁ ዋሺንግተን ሬስቶራንት ውስጥ ትዘፍን ነበር፤ ከዚህ ፊላደልፊያ በመኪና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለቅሶ ሊደርሱን መጥተው፣ ድንኳኑን ራሳቸው ተክለው፣ ራሳቸው አልቅሰው፣ እኛን ከውጭ ያቆሙን መሰለኝ። ያ የተራቡት ሕፃናት ቪዲዮ የታየ ጊዜማ ድምፁን ዘጋሁት።

መልሶቹ

ክሩ ሦስት ቀን ቆየ። ሁሉን ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ስለማይኖር እንደገባኝ አድርጌ እተርከዋለሁ፤ የሰደቡኝንም ጨምሬ።

ቁጥር 1 ከቶሮንቶ የጻፈች ሴት ናት፤ አራት ደቂቃ አልቆየችም። ጋሼ ብላ ጤናዬን ከጠየቀች በኋላ በለስላሳው ወቀሰችኝ። ነገሩ ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይሆን ፈርታለች። በካርታ ላይ እንኳ ለማያውቀው ሕዝብ ስልክ ደውሎ ገንዘብ የሰጠ ሰው፣ ዘፋኞቻችንን ለምን አልጋበዝክም ተብሎ አይጠየቅም ባይ ናት።

ቁጥር 2 ከእሷ ጋር ተስማማ። አንድ መስመር ብቻ። ከሥሩ ግን አምስት ዶላሯን ምን አደረግሃት ሲል ጠየቀ። ዝም አልኩት።

ቁጥር 3 እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከየትኛውም ክር አይጠፋም፤ የሙዚቃ ሊቅ ነው። ቪዲዮውን ያስተዋወቀው ዴቪድ ቦዊ እንደሆነ፣ ለእሱ ደቂቃ ለማግኘት ሲል ከራሱ ዘፈኖች አንዱን እንደተወ፣ ምስሎቹ የካናዳው ሲቢሲ እንደነበሩ ዘረዘረልኝ። ይህም የሆነው በለንደን ምሽት፣ በዋሺንግተን ደግሞ ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ እኔ ማታ ላይ ያየሁት የተደገመውን መሆን አለበት። ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። እኔ የማስታውሰው ድምፁን መዝጋቴን ነው እንጂ ሰዓቱን አይደለም።

ቁጥር 4 አትላንታ ያደገ ወጣት ነው። ቤተሰቦቹ ሰባ ሰባት ባሉ ቁጥር በፈረንጆቹ 1977 መስሎት፣ ስለ ቀይ ሽብር የሚያወሩ ይመስለው ኖሯል። በትሕትና ነበር የጠየቀው። ቁጥር 5 ዘመን መቁጠር ሳትችል ታሪክ ምን አገባህ ብሎ አዋረደው። ቁጥር 6 ደግሞ በቁጥር 5 ላይ ወረደበት፤ ልጁ ጠየቀ እንጂ አልዋሸም አለ። ከዚያ ተረጋግቶ፣ በእኛ 77 ማለት በእነሱ 1984 እና 85 እንደሆነ፣ ከእሱ በፊት የ66ቱ እንደነበረ፣ የወሎ ሽማግሌ የልጁን ዕድሜ ሲቆጥር እንኳ ከ66 በፊት፣ ከ77 በኋላ እያለ እንደሆነ አስረዳው። ልጁ አመስግኖ ወጣ። ክሩ ውስጥ በሰላም የተዘጋ ጉዳይ ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።

ቁጥር 7 በሩን ገንጥሎ ገባ። የእሱ ጠብ ከኮንሰርቱ ይልቅ ከዘፈኑ ጋር ነው፤ ዘፋኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር በኅዳር 1977 ባንድ ኤይድ ብለው ለንደን ውስጥ ዘፋኝ ሰብስበው ያስቀረጹት፣ ርእሱ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን እያለ ስለ እኛ የሚጠይቀው። ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የተቀበለ አገር እንዴት እንዲህ ይባላል አለ። ረሃቡ የመታው ወሎ፣ ላሊበላ ያለበት ወሎ ነው። ያን ዓመትም ታኅሣሥ 29 መጥቷል፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ያድራሉ። ዘፈኑ ወንዝ የማይፈስበት ምድር አድርጎ ይስለናል፤ ተከዜ ግን የሚነሣው ከዚያው ከላስታ ነው። ሰውዬውን ባላውቀውም ላስታ ሳይወለድ አልቀረም። ሦስቴ ነው ተከዜን የጠራው።

ቁጥር 8 ረጋ ያለ ሰው ነው። ርእሱ ለእኛ ተብሎ አልተጻፈም ይላል፤ ለገና ዕቃ ሊገዛ የወጣውን እንግሊዛዊ ለመውጋት ነው። ሸክላውም በአንድ ዓመት ውስጥ 8 ሚሊዮን ፓውንድ አስገብቷል። ደግሞስ ልጁ የሞተበት ሰው ቀኑን ያውቃል ወይ? ቁጥር 9 ራሱ ቁጥር 7 ነው፤ ስለ ተከዜ ሊደግም ተመልሶ መጣ። ቁጥር 10 ነገሩን ወደ ቅርብ ጊዜ ሳበው። በፈረንጆቹ 2014 ለኢቦላ ዘፈኑ እንደገና ሲቀረጽ የጋናው ዝርያ እንግሊዛዊ ዘፋኝ ፊውዝ ኦዲጂ አልገባም ማለቱን፣ በ2024 የ40ኛ ዓመቱ ቅጂ ሲወጣ ደግሞ ኤድ ሺራን ድምፄን ያስገቡት ሳይጠይቁኝ ነው፣ ቢጠይቁኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር ማለቱን አስታወሰን። እኛ ስንናገር ኩራት ነው ተባለ፤ እነሱ ራሳቸው ሲሉት ዜና ሆነ አለ። ይህቺን ወድጃታለሁ።

ቁጥር 11 ላይ ክሩ ጸጥ አለ።

ሰውዬው በ77 ኮረም መጠለያ ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ በስልክ ስለሚጽፍ አራት ነጥብ የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው። ስለ ኮንሰርቱ የሰማው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። የሚያስታውሰው ብርዱን ነው። ሌሊት የሞቱት ጠዋት ተገንዘው በረድፍ ይደረደራሉ፤ ልጆች በመካከላቸው እየተሻገሩ ውኃ ይቀዳሉ። እናቱ በሰልፉ እንዳይጠፋፉ ከነጠላዋ ጥለት ቀድዳ የእሱንና የታናሽ እህቱን እጅ አንድ ላይ ታስራለች። አንድ ቀን ወደ ምግቡ ድንኳን የሚገቡ ልጆች ሲመረጡ እህቱ ተመረጠች። እሱ ገና ትንሽ ሥጋ ነበረው፣ ስለዚህ አላለፈም። ጥለቱ አልፈታ ስላለ ነርሷ መቀስ አምጥታ ቆረጠችው። እህቱ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ለማን እንደተዘፈነ፣ ማን እንደዘፈነ እሱን አያሳስበውም። እኔን ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ዘፋኞቹን ሁሉ በስም ካወቅህ ያን ስንዴ ከወደብ እስከ ኮረም የነዳውን ሾፌር ታውቀዋለህ ወይ አለኝ።

አላውቀውም።

ቁጥር 12 አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፣ ይቅርታ። ለምን ይቅርታ እንዳለ አልገባኝም፣ ግን ገብቶኛል። ቁጥር 13 ያ ተከዜ ያለው ሰው ነው፤ ስለ ተከዜ አንዲትም ቃል አላነሣም፣ ለእህትህ ዕድሜ ይስጥልኝ አለ። ቁጥር 14 ያኔ ደሴ ሆስፒታል ትሠራ የነበረች፣ ዛሬ ስቶክሆልም ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ያ የመምረጥ ነገር እውነት ነው አለች። መቀሌ በቀይ መስቀል ትሠራ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ክሌር በርትሺንገር በሺህ ከሚቆጠሩት መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ለመምረጥ ተገድዳ ነበር፤ ጌልዶፍን ካነሣሡት ምስሎች አንዱም የእሷ ነው። ነርሷን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነው። ካሜራው ሁልጊዜ ነጯ ላይ ያርፋል። አጠገቧ ሕፃን የያዘችው፣ ቋንቋ የምታስተረጉመው፣ ለእናቲቱ ልጅሽ አልተመረጠም ብላ የምትነግረው የአገር ልጅ ናት። ያቺን ዓረፍተ ነገር በአማርኛና በትግርኛ የተናገሩት ድሬሰሮች ስም የትም የለም። የእኔን የዘፋኝ ቅሬታ ከዚህ አጠገብ ሳስቀምጠው አነሰችብኝ፤ ያን ዕለት ግን አልጻፍኩትም።

ቁጥር 15 ረጅም ነው፤ ያለ አንቀጽ የተጻፈ ስለሆነ ብዙዎች ዘልለውታል መሰለኝ። መጀመሪያ የተጣላው ከቃሉ ጋር ነው። ድርቅ ማለት ዝናብ መቅረት ነው፤ ረሃብ ማለት እህል ያለው ሌላ ቦታ መሆኑ ነው፤ መንግሥት ግን ድርቅ ማለትን መረጠ። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለጋሾችን ሰብስቦ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው ችግር ላይ መሆኑን ነግሮ 450 ሺህ ቶን እህል ጠይቋል፤ የሰማ የለም። እዚህ ቤት ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ነበር፤ አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅና በመብራት አጊጣለች። የቢቢሲው ማይክል በርክና የኬንያው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ገብተው የቀረጹት ዓለም ያየው ጥቅምት 13 ነው፣ ከበዓሉ በኋላ። በዚህ ላይ ጦርነቱ፣ በዚህ ላይ ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ የሚያስረክበው ኮታ። ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን እየተባለ የሚቆጠረው ሰው በዝናብ ብቻ አልሞተም። ስለዚህ የሚቀየም ካለ ቅያሜውን ከዌምብሌይ በፊት አብዮት አደባባይ ያድርገው አለ።

ቁጥር 16 ለቁጥር 11 የተሰጠ መልስ ነው። የሾፌር ልጅ ናት። አባቷ ከአሰብ እህል ይጭን ነበር። በኮንቮይ ሲሄዱ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ቤት አይመጣም፤ እናቷ ሬዲዮ ላይ ስለ መንገዱ የተወራ እንደሆነ ድምፁን ትቀንሰዋለች። አባትየው እንግሊዞቹ በሄርኩለስ አውሮፕላን ከሰማይ እህል ሲጥሉ አንድ ጊዜ ቆሞ አይቶ፣ እነዚህ ሰዎች ጎማ አይፈነዳባቸውም ማለቱን አስታወሰች። ኮንሰርቱ በቀጥታ የሚመለከታት በአንድ ነገር ነው። የባንድ ኤይድ ገንዘብ ከእህሉ ሌላ ለመርከብና ለካሚዮን ወጥቷል፤ ምክንያቱም እህሉ ወደብ ደርሶ መጓጓዣ ያጣ ነበር። አባቷ ግን የነዳው የራሱን ኦኤም ካሚዮን ነው፣ ማንም አልሰጠውም። የኮረሙ ሰው ከሥሯ የልብ ምልክት አኖረ።

ከቁጥር 17 እስከ 22 ያለው ጠብ ነው፤ በዝርዝር አልሄድበትም። ቁጥር 17 ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር እንደነበረች አነሣ፣ ቁጥር 18 ዛሬ የማን እንደሆነች ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ኮንሰርቱ የተናገረ የለም። ቁጥር 19 እኔን አምስት ዶላር የበላ ብሎ ሰደበኝ። ገንዘቡን ደርግ ለመሣሪያ አዋለው የሚልም፣ አማፂያኑ ናቸው የሚልም ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ማስረጃ ይዘው መጥተዋል። ቁጥር 20 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ቢቢሲ ወደ ትግራይ በሱዳን በኩል ከገባው እርዳታ አብዛኛው ለመሣሪያ ውሏል የሚል ዘገባ ማሰማቱን፣ የባንድ ኤይድ ሰዎች አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የእነሱ ገንዘብ እንደሆነ የሚያስመስል ነገር በማቅረቡ ይቅርታ መጠየቁን ጻፈ። ሁለቱም ወገን ግማሹን ብቻ አንብቦ ጠቀሰው። ቁጥር 22 ስለ ሠፈራው ነው፤ ወደ 600 ሺህ ሰው ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ ተወሰደ። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይህን ስለተቃወመ እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። እርዳታው ሰውን ወደ መጠለያ ሰበሰበ፣ መኪናው ደግሞ ከመጠለያ ጭኖ ወሰደ አለ። ብዙ ያስተኛል ብዬ አላምንም፣ ይህ ነገር። ያኔ ዌምብሌይ ለዘፈነው ሰው የነገረው አልነበረም።

ቁጥር 23 የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው። ሰባት አስተያየት አጥፍቷል፣ ቁጥሩም ለዚያ ነው አንዳንዴ የሚዘለው መስሎ የሚታየው። ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ።

ቁጥር 24 ቴክሳስ ተምራ ያደገች ናት። በሰማንያዎቹ መጨረሻ የክፍሏ ልጆች የምሳ ሣጥኗን ገልጠው እያዩ ይስቁባት ነበር፤ ኢትዮጵያዊት ምሳ አላት እያሉ። አንድ መምህር በቅን ልቡ የተረፈውን ፒዛ በወረቀት ጠቅልሎ ለቤተሰብሽ አለኝ ትላለች። አባቷ የታክሲ ሹፌር ሆኖ ሥጋ በየሳምንቱ ይገዛል። ፒዛውን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጣለችው፣ ከዚያ ምግብ በመጣሏ አለቀሰች። ቁጥር 25 ሪያድ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ማዳሟ እስከ ዛሬ አገራችሁ ዝናብ አለ ወይ ብላ ትጠይቃታለች። ጎጃሜ ናት። ሐምሌ ላይ በጭቃ ምክንያት ትምህርት ቤት የማይደረስበት አገር ነው የኔ ብላ ስቃለች።

ቁጥር 26 አንቱ ብሎ ነው የጻፈው፣ ግን እንዲህ የተናከሰኝ የለም። እርስዎ ያን ማታ እራት በልተው ነበር ወይ ሲል ጀመረ። በልቼ ነበር፤ ሽሮ፣ በላስቲክ ዕቃ። እንግዲያው ያልበላው ሳይቀየም የበላው በእሱ ፈንታ የሚቀየምበት ምክንያት አይታየኝም አለ። እርስዎን ያሳፈረዎ ረሃቡ ሳይሆን ረሃባችንን የሆቴሉ ደንበኛ ማየቱ ነው ብሎ ጨመረ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ከፍቼ መልስ ልጽፍ ሞከርኩ። የከበደኝ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ግማሹ ግን አይደለም፤ ሰው በአገሩ ስም አምስት ዶላር ሲሰጠው ምን እንደሚሰማው ያልተሰጠው አያውቅም።

ቁጥር 27 ከእስራኤል ነው። ጎንደር ተወልዶ በእግሩ ሱዳን የገባ ቤተ እስራኤል። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ሁለት ወንድሞቹን ቀብሮ፣ እስራኤል ቤተ እስራኤሎችን ከሱዳን በምስጢር ባወጣችበት፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ በዘለቀው የሙሴ ዘመቻ ከወጡት ወደ ስምንት ሺህ ሰዎች አንዱ ነው። ኮንሰርቱ የታየ ዕለት መርከዝ ክሊታ፣ አዲስ ገቢዎች የሚቀመጡበት ማዕከል ውስጥ የዕብራይስጥ ፊደል እየቆጠረ ነበር። በመንገድና በሱዳን አራት ሺህ ገደማ ወገኖቹ አልቀዋል፤ ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ በየዓመቱ ይታሰባሉ። ያኔ በምስጢር ስለነበር ስለ እነሱ ማንም ሊዘፍን አይችልም ነበር። ይሻለን ነበር ወይስ አይሻለንም፣ አላውቅም ብሎ ተወው። ማንም አልመለሰለትም፤ ምን ይባላል።

ከዚያ እንደተለመደው ክሩ ወደ ገበያ ወጣ። ቁጥር 28 የዕለቱ ምርጥ ኩዊን ነው፣ ያ 20 ደቂቃ የተባለው ዝግጅታቸው፣ አለ። ቁጥር 29 ማይክል ጃክሰንን በፊላደልፊያ መድረክ አይቼዋለሁ ብሎ ማለ፤ ሊቁ ወዲያው መጥቶ ማይክል እንዳልነበረ፣ ከላየነል ሪቺ ጋር የጻፈው መዝሙር ግን መዝጊያ ላይ ያለ እሱ እንደተዘፈነ ነገረው። ቁጥር 30 የእርዳታ ስንዴ እንጀራ ይወጣዋል አይወጣውም የሚል ጥያቄ ጣለ። ቁጥር 31 ሲሶ ማሽላ ካልገባበት እንደሚሰነጣጠቅ አስረዳች፤ በእርዳታው ዘይት ቆርቆሮ ደግሞ እናቷ ውኃ ትቀዳበት፣ ሲያረጅ ተዘርግቶ የዶሮ ቤት ጣሪያ እንደሆነ ጻፈች። ስለ ቆርቆሮው ብቻ ስድስት ሰው የልብ ምልክት ሰጥቷል። ስለ ስንዴው እንደዚያ አልተወደደም።

ቁጥር 32 ነው ወደ እኔ ጥያቄ የመለሰን። አስቴር ያን ጊዜ በፈረንጅ አትታወቅም፤ ፈረንጅ ያወቃት አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፣ ስለዚህ አዘጋጆቹ ከየት ያምጧት? ቁጥር 33 በዚህ አልተስማማም። ያላወቋት ስላልጠየቁ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላም፣ ሐምሌ 2 ሳይሆን በእነሱ ጁላይ 2 ቀን 2005፣ ላይቭ ኤይት የተባለው ኮንሰርት ሲዘጋጅ አብዛኞቹን አፍሪካውያን ሙዚቀኞች ከለንደኑ ሃይድ ፓርክ አርቀው ኮርንዋል ውስጥ ሌላ መድረክ ሰጧቸው። በዋናው መድረክ የወጣችው ኢትዮጵያዊት ብርሃን ወልዱ ናት፤ ያቺ በ77ቱ ቪዲዮ ሞቷ ሲጠበቅ የታየችው የትግራይ ሕፃን፣ አድጋ፣ ግብርና ተምራ። ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች። ቁጥር 34 ይህን ሲያይ እንዳለቀሰ ጻፈ። ቁጥር 33 ግን ነገሩ የሚያሳየው ያው ነው ባይ ነው፤ ለመታየት ጠሯት፣ ለመዝፈን ሌላ ሰው ጠሩ። እኔ ሁለቱንም ነኝ። አለቀስኩ፣ ደግሞም ቁጥር 33 ልክ ነው።

ቁጥር 35 የኮረሙ ሰው ነው። ክርክሩን ሁሉ አንብቦ ኖሯል። እህትህ ብርሃን ወልዱን በቴሌቪዥን ስታይ ምን አለች ብሎ የጠየቀው ሰው ስለነበር፣ እሱን መለሰ፤ ጫማዋ ያምራል ነው ያለችው። ከዚያ እንደ ቁጥር 2፣ እንደ ቁጥር 19 ሁሉ፣ ግን ጋሼ ብሎ፣ አምስት ዶላሯን ምን አደረጓት አለኝ።

እሱ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም።

ቁጥር 36 የኔ መልስ ነው። ብሯን ለብቻዋ አጥፌ ቲኬት ክፍሏ መሳቢያ ውስጥ አኖርኳት። በማግስቱ በቴሌቪዥን ወደታየው ስልክ ደወልኩ፤ ተይዟል። ሦስቴ ደገምኩ፤ ተይዟል። አምስት ዶላር በፖስታ መላክም አፈርኩ፤ ባላገሩ ራሱ አምስት ዶላር ላከ እንዳይሉኝ። እኔ ከራሴ ጨምሬ ሃያ አድርጌ እልካለሁ አልኩ፤ የወሩ ቤት ኪራይ መጣ። ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀመጠች። ነሐሴ መግቢያ ላይ ሌሊት ከሥራ ስወጣ ዳትሰኗ ቤንዚን ጨርሳ ነበር፣ ደመወዝ ደግሞ ዓርብ ነው። መሳቢያውን ከፈትኩ።

ቁጥር 37 የሙዚቃው ሊቅ ነው። ያን ዓመት አንድ ጋሎን አንድ ዶላር ከሃያ ሳንቲም ገደማ ስለነበር አራት ጋሎን ትሆናለች አለ።